የልብስ ነካሪው ሙታሲዮን

ያልሰማህ ጠጋ በል፣ የሰማህ ዝም አትበል! የወየበ ሱሪ አጥቁሮ አዲስ የሚያስመስለው የጅቡቲው ካርቲየ 2 ሰፈር ልብስ ነካሪ፣ የድሬዳዋው ከማሉዲን፣ ከዛሬ ጀምሮ ሙታሲዮን የደረሰው መሆኑ ይታወቅ!

ሰፈሩ እንዲህ ብሎ ነው ያወጀለት። በጅቡቲ ሙታሲዮን ማለት የመንግሥት ሠራተኛ ከቢሮ ቢሮ ሲዛወር ነውና «ወዴት ተዛወረ?» እያለ ሳቀ። ይሳቅ! እዚህ ሰፈር ለመሳቅ ዲፕሎም አይጠየቅም።

ነገሩ የጀመረው ሽንቱ ሲቀላ ነው። «ቀለሙ ነው» አለ ከማሉዲን፤ «ጨርቅ ስነክር ኖሬ እኔም ተነከርኩ።» ጎረቤት የሚባለው የሐኪሞች ማኅበር ደግሞ «ሙቀት ነው፣ ሐብሐብ ብላ» ሲል ፈረደ። ሐብሐብ ሲበላ ዓመት አለፈ። ከዚያ እምብርቱ ዙሪያ እንደ ሽምብራ የጠጠሩ እብጠቶች ወጡ። ይኼኔ ሐብሐብ አዛዦቹ ሁሉ እጁን መጨበጥ ተዉ፤ ይጋባል ብለው።

በ2015 ሐኪም ቤት ሄደ፤ ሐኪሙ ከእብጠቱ ቆርጦ አስመረመረ። ልጁ ኻሊዳ ፈረንሳይኛውን ተረጎመችለት፤ «አባዬ፣ የሽንት ፊኛ ካንሰር ነው። ወደ ቆዳ መውጣቱ እምብዛም የማይታይ ነው አለ። የዕጢው ዘረመል ተለውጧል፤ ሙታሲዮን የሚሉት እሱን ነው።»

«አንቺን ሳልድር?» አለ።

አጠገባቸው የእጮኛዋ የጃቢር እናት ማይሙና ተቀምጣለች። ልትጠይቅ መጥታ ነው እንጂ ልትሰልል አይደለም፣ ልብ አድርጉልኝ! ከዚያ ሁሉ ቃል ጆሮዋ የያዘው «ዘር» የምትለዋን ብቻ ነው።

«በዘራችሁ አለ በይኛ!»

«ኧረ እትዬ ማይሙና፣ እዚያው ዕጢው ውስጥ የተፈጠረ ነው። ከቀለሙና ከሚያጨሰው ሲጋራ ሊሆን ይችላል ነው ያለው። አባዬ አልወረሰውም፣ እኔም አልወርሰውም።»

«አይ ልጄ፣ አንቺ ፈረንሳይኛ ታውቂያለሽ፤ እኔ ደግሞ ጤነኛ የልጅ ልጅ እፈልጋለሁ።»

ኒካሁ ቀረ።

የሰፈሬን ጥበብ ተመልከቱልኝ እንግዲህ! የማይጋባውን በሽታ ይጋባል ብሎ ሸሸ፤ ሊጋቡ የነበሩትን ልጆች አይጋቡም ብሎ ለየ። ጃቢርስ? ያ ጎረምሳ ከማሉዲን የነከረለትን ጥቁር ሱሪ ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ እናቱ ኒካሁን ስታፈርስ ከኋላዋ ቆሞ ጫማውን ያያል። ተምሯል፤ ኻሊዳ ያለችው እውነት መሆኑን ያውቃል። አፉን ግን አልከፈተም።

ከማሉዲን ልጁን ሳይድር ሞተ። ለቅሶው ቤት ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ማን ናት? ማይሙና! «ደግ ሰው ነበር» ብላ ተንሰቀሰቀች።

አንተ አንባቢ፣ ሴት ልጅ ካለችህ ማይሙና ለጃቢር ልትጠይቅህ መምጣቷ አይቀርም። አደራህን፣ ዘርህን ቆጥራ ስትጨርስ አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ ፈሪነት በዘር አይተላለፍም ካለችህ፣ ይኼ ልጅ ፈሪነቱን ከማን ወረሰው?