በር ዘግተው የሚወጡት መምህርት

ተማሪዎቹ «እትዬ ፈልጉት» ይሏቸዋል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም፤ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ፣ መልሱን ቢያውቁትም እንኳ፣ «ፈልጉት» ነበር የሚሉት። ከዚያም ወንበር ስበው አጠገቡ ይቀመጡና አፈላለጉን ያሳዩታል፤ ማን አለው? መቼ አለው? ከየት አምጥቶ አለው? የሚቃወመውስ ማን ነው?

ይህ የመረጃ አጠቃቀም ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል ከነኮምፒውተሮቹ በአንድ ለጋሽ ድርጅት ድጋፍ የተቋቋመ ነው። ትምህርቱ የሚዘጋበት ሥርዓት ግን የእትዬ የራሳቸው ነበር። በመጨረሻው ቀን ለተማሪዎቹ አንድ ከባድ ጥያቄ ይሰጡና ወንበራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በሩን ዘግተው ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣሉ። መልሱ ከነማስረጃው ሳይገኝ በሩ አይከፈትም። ከዚያ ወዲያ ተመልሶ የሚመጣ የለም፤ መንገድ ያወቀ መሪ አይሻም። የተማሩት በደረጃው ላይ ሲያገኟቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው እጅ ይነሳሉ፤ ያልፋሉ።

እትዬ ልጅ አልወለዱም። ሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ወንድም አላቸው፤ በስልክ ሲገናኙ ወሬያቸው ከ«ደኅና ነሽ?» እና ከ«ደኅና ነኝ» አያልፍም። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ሬዲዮናቸውን የሚከፍቱት ለመስማት ሳይሆን ቤቱ ድምፅ እንዲኖረው ነበር።

የድጋፉ ዘመን ሊያበቃ ሲቃረብ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አስጠሯቸው። ሁለቱ በወጣትነታቸው አብረው መጽሐፍ ሲደረድሩ ያደጉ የሥራ ባልደረቦች ናቸውና ብቻቸውን ሲሆኑ አንቱታ አያውቁም።

«የለጋሹ ድርጅት ጎብኚ በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች» አሉ ኃላፊው። «ድጋፉ ይቀጥል አይቀጥል የሚለየው በእሷ ዓይን ነው። የተማረው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል ወይ ነው ጥያቄያቸው። ባዶ ክፍል ካየች አበቃ፤ ይዘጋል፣ አንቺም ወደ መጽሐፍ ውሰት ጠረጴዛ ትመለሻለሽ።»

«የተማረማ ምን ሊያደርግ ይመለሳል?»

«እሱ ነዋ ጥፋትሽ። በሽተኛውን ሁሉ ያዳነ ሐኪም በምን ይኖራል? ትንሽ ሳል ተይላቸው እንጂ።»

«ሳሉ ወደ ሳንባ ቢወርድስ?»

«እሷ እስክትሄድ ነው የምልሽ። በር ዘግቶ መውጣቱ ለዚህ ዙር ይቅር። መሃላቸው ቁሚ፤ ሲጠይቁሽ መልሺ።»

እትዬ እሺ አሉ። ክፍሉን ማጣት አልፈለጉም፤ ያለ እሱ የሚጠራቸው ሰው አልነበረምና።

ጥያቄ ሲመጣ «ፈልጉት» ማለቱን ትተው መመለስ ጀመሩ። ወሬው ተሰማ፤ ያለፈው ዓመት ተማሪዎች ሳይቀሩ መጡ። «እትዬ፣ ወደዚህ ይበሉ»፣ «እትዬ፣ እኔን ያስቀድሙኝ፣ ፈተና አለብኝ» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር። አንድ ጠዋት አርፍደው ቢገቡ አንዲት የነርስነት ተማሪ «የት ጠፉብን?» አለቻቸው። እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ከስንት ጊዜ በፊት እንደ ነበር ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። የዚያን ቀን ማታ ሬዲዮኑን አልከፈቱም።

ጎብኚዋ መጣች። ከኃላፊው ጋር ከኋላ ተቀመጠች፤ ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። ያችው የነርስነት ተማሪ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ያድናል ይላል እዚህ። ልጻፈው?»

«ጻፊው» አሉ እትዬ። «እናቴም እንዲያ ነበር የምታደርገን።»

እስክሪብቶዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ወረዱ። እትዬ ዞር ብለው የልጅቷን ደብተር ቢያዩ፣ የመረጃው ምንጭ በሚጻፍበት ቦታ ላይ «እትዬ» የሚል ሰፍሯል። የጎረቤቷም እንደዚያው። ማን አለው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

እትዬ ከደብተሩ ቀና አሉ። ወደ ኃላፊው አዩ፤ ኃላፊው ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ በዓይናቸው ለመኗቸው።

«የተናገርኩትን ከየት እንዳመጣሁት ሰምታችኋል» አሉ ለተማሪዎቹ። «እናቴ ሐኪም አልነበረችም። ፈልጉት።»

ወንበራቸውን አንስተው ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።

ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ከውስጥ መጀመሪያ ማጉረምረም፣ ከዚያ ክርክር ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ጎብኚዋ ወጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«መምህርት፣ መቼ ነው የሚመለሱት?»

«እኔ አልመለስም። እነሱ ሲጨርሱ ይወጣሉ።»

«ከዚያ በኋላስ ይመጣሉ?»

«አይመጡም።»

ጎብኚዋ ራሷን ነቀነቀች። «ገብቶኛል፤ ግን ይህን ለላኩኝ ሰዎች በምን አስረዳቸዋለሁ?» አለችና በአክብሮት ተሰናብታ ወረደች።

በሩ ተከፈተ። ተማሪዎቹ እየተንጫጩ ወጡ። «ጭራሽ አይመከርም ይላል እኮ» ትላለች ያችው ልጅ፤ «ያንቀጠቅጠዋል እንጂ አያድነውም። እትዬ ተሳስተዋል።» ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር። በእትዬ ወንበር አጠገብ ሲያልፉ ዞር ብሎ ያያቸው የለም።

ድጋፉ ለሌላ ተቋም ተሰጠ። ክፍሉ ተቆለፈ፤ እትዬም ወደ ውሰት ጠረጴዛ ወረዱ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ይመጣሉ፤ የሚሹትን መጽሐፍ ከየትኛው መደርደሪያ እንደሚያገኙት ያውቃሉ፣ ራሳቸው ያመጡታል። እትዬ ማኅተም ይመቱላቸዋል። አንዳንዱ አዲስ ተማሪ ግን መጽሐፍ የት እንዳለ ይጠይቃቸዋል፤ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈት ያደርጉና በአገጫቸው ወደ መደርደሪያዎቹ ያመለክታሉ።