ጓድ ጆንያን ያቃጠለችው እናቴ ናት

ማትሪክ ወድቄ ቤት ከተቀመጥኩ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቤት መቀመጥ ደግሞ ለእኔ አይሆንም፤ እግሬን ይበላኛል። እናቴ ሁለት ምርጫ ሰጥታኛለች፦ ወይ ሥራ፣ ወይ ሞጆ ያለው ባለ ወፍጮ። ባለ ወፍጮውን አንዴ አይቼዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ ሰው ያረጃል።

ስለዚህ ሰፈራችን አጠገብ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለክሊኒኩ አንዲት ረዳት እንደሚፈልግ፣ እሷም ቀበሌው የሚሰጠውን የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ማለፍ እንዳለባት ስሰማ፣ በነጠላ ጫማ ሮጬ ተመዘገብኩ። ሌሎቹ የሴቶች ማኅበሩ «ባለፈው ቀርተሽ ነበር» እያለ በግድ የሚሰበስባቸው ባለትዳሮች ናቸው። ሥራውን የምፈልገው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አስተማሪያችን መርፌ ሲወጉና ቁስል ሲያጥቡ ያረጁ፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማይወዱ ድሬሰር ነበሩ። ሕመምተኛችን ደግሞ ጆንያ። ከፋብሪካው በሚጣል ጥጥ ጠቅጥቀው ሞልተውት፣ አሮጌ ካኪ ኮት አልብሰውት፣ በከሰል ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ስለውለታል። ኮቱን ያየች አንዷ «ጓድ ጆንያ» አለችው፤ በቃ፣ ስሙ ሆነ። ድሬሰሩ ግራ ቀኝ አይተው «ኧረ እንዲህ አትበሉ!» አሉ። በማግስቱ ራሳቸው «ጓድ ጆንያን አምጡት» አሉ።

«የመጀመሪያው ሕግ» አሉ፣ «ሰው ማራቅ ነው። የወደቀ ሰው ስታዩ የምታደርጉትን አውቃለሁ። ትከቡታላችሁ፣ ኡኡ ትላላችሁ፣ ክብሪት ጭራችሁ አፍንጫው ሥር ታጨሱበታላችሁ። ክብሪት መድኃኒት አይደለም!»

ሴቶቹ ተያዩ። ክብሪት መድኃኒት አይደለም የሚል ሰው ከዚያ በፊት ሰምተው አያውቁም።

ትንፋሽ መስጠት ሲመጣ የቀበሌው አዳራሽ ተናጋ።

«አፍ ለአፍ?» አለች ከጎኔ ያለችው። «ባሌ ቢሰማስ?»

«ጆንያ እኮ ነው» አልኳት።

«አንቺ ባሌን አታውቂውም።»

የእኔ መከራ ግን ደረት መጫኑ ሆነ። አሥራ አምስት ጊዜ ትጫኛለሽ፣ ሁለት ጊዜ ትተነፍሺለታለሽ። እኔ ድሬሰሩ ሦስት ሳይሉ አሥራ አምስቱን ጨርሻለሁ።

«አንቺ ልጅ! በርበሬ እየወቀጥሽ ነው? ልብ እኮ እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል!»

በሦስተኛው ቀን የጓድ ጆንያ ስፌት ከብብቱ ሥር ተተረተረና ጥጡ ቦለል ብሎ ወጣ። «ገደልሽው» አሉ ድሬሰሩ። «እንዲህ ከሆነ አላሳልፍሽም።» ባለ ወፍጮው ፊቴ ድቅን አለ።

ያዳኑኝ አብረውን የሚማሩት ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ፣ በሰፈሩ ሰርግ ሁሉ ከበሮ የሚመቱ የወሎ ሴት። «አብሽሪ የኔ ልጅ» አሉና ባዶ የውሃ ጀሪካን ገልብጠው ጭናቸው መሃል ያዙ። «ሙሽራ ስትወጣ የሚመታውን እመታልሻለሁ። እጅሽ እሱን ይከተል፤ ችኩል ልብሽን ተዪው።»

ዱም፣ ዱም፣ ዱም። እጄ ያዘው! ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ አንዷማ እልል አለች። ድሬሰሩ ሰዓታቸውን እያዩ ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ ምርቃት ነው።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጣቸውን ታጥቀው፣ የክሊኒኩ ሲስተር ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ሰፈሩም ተጠራርቶ መጣ። እናቴ ከሁሉ ፊት ቆመች።

«ጓድ ጆንያ መንገድ ላይ ወድቋል። ጀምሪ!» አሉ ድሬሰሩ።

ተንበረከክሁ። ጀሪካኑ ዱም አለ። እጄ አልፈጠነም፣ አልዘገየም፤ እንደዚያ ጎብዤ አላውቅም። ከደስታዬ ብዛት የመጀመሪያውን ሕግ ጭልጥ አድርጌ ረሳሁት። ሰው እየተጠጋ፣ እየተጠጋ መጥቶ አናቴ ላይ ቆሟል። «ውይ፣ የማን ልጅ ይሆን?» ይላሉ። ለጆንያ! እናቴ ደግሞ የወደቀ ሰው ስታይ እጇ ከጭንቅላቷ ይቀድማል። ክብሪት ሲጫር ሰማሁ። ቀና ስል እሳቱን ከጓድ ጆንያ አፍንጫ ሥር ይዛለች።

ጥጥ ነው። ቦግ አለ።

«እማዬ!»

«ይነቃል ብዬ ነዋ!»

በኮቱ እየጎተትሁ ወደ ደጅ ሮጥሁ። ጎረቤታችን ጀሪካናቸውን ይዘው ደረሱልኝ፤ ባዶ መሆኑን ያስታወሱት ካጋደሉት በኋላ ነው። የግቢውን በርሜል ገልብጠን እስክናጠፋው ከጓድ ጆንያ የቀረው አንድ ቁልፍና ብዙ ጭስ ነበር።

«የመጀመሪያው ሕግ ምን ነበር?» አሉ ድሬሰሩ።

«ሰው ማራቅ።»

«አራቅሽ?»

«አላራቅሁም።»

ሲስተሯ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። እኔ ግን አፌ አያርፍም፤ «የተቃጠለው እሱ ነው፣ እኔ አለሁ! እንደገና ልፈተን!» አልኩ።

«በማን ላይ?» አሉ ድሬሰሩ።

ሁሉም ዞሮ እናቴን አየ። «ያቃጠለች ትተኛ!» አሉ ጎረቤታችን።

ድሬሰሩ እጃቸውን አነሱ። «ልቡ የሚመታ ሰው ደረቱ አይጫንም። መጫኑን አይቼልሻለሁ፤ የረሳሽውን አሳዪኝ።»

እናቴ ነጠላዋን ግቢው ውስጥ አንጥፋ ተጋደመች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ሆዷ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ። ሰዉ ወዲያው ከበባት። ከሁሉ የቀረቡት ሊቀመንበሩ ነበሩ፤ የጫማቸው ጫፍ ሻሿን ሊነካ ምንም አልቀረው። በእሳቸው ላይ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው በቀበሌያችን አይታወቅም።

«ዞር በሉ! አየር ስጧት! ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎም!»

ሊቀመንበሩ ጫማቸውን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዱ። አንድ እርምጃ። ሁለት። እሳቸውን ያየ ሰፈር እስከ አጥሩ ሸሸ።

የእናቴን ትከሻ ነካ ነካ አድርጌ ጠራኋት፤ አገጯን ቀና አድርጌ ትንፋሿን አዳመጥሁ። «ትተነፍሳለች» አልኩ። «ትስቃለችም።» በጎኗ አስተኛኋት።

ሲስተሯ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ። «ፋብሪካ ውስጥ ሰው ሲጎዳ ከቁስሉ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ከብቦ የሚቆመው ሰው ነው» አሉ። «ሰኞ ሁለት ሰዓት ነይ።»

ወደ ቤት ስንሄድ በየአሥር እርምጃው እየቆምን ሳቅን። ክብሪቱን እንድትሰጠኝ ብለምናት እናቴ እምቢ አለች፤ «አንቺ የወደቅሽ ቀን ማን ይጭርልሻል?» ትላለች። ደጃችን ስንደርስ ግን ሳቋን ገታ አደረገች።

«ለሞጆው ሰውዬ ምን ልበለው?»

«አየር ይስጠኝ በይው።»