በሰማይ ቤት እምቢ ይባላል ወይ?

ገና በዳዴ ስትሄድ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «እምቢ» ነበርና ያው ስሟ ሆኖ ቀረ። አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ የልብስ ስፌት ሱቅ ስትከፍትም ሰፈሩ የሚያውቃት «እትዬ እምቢ» ብሎ ነው። ደንበኛ «ሱሪዬን አጥብቢልኝ» ሲላት ዳሌውን ገርመም አድርጋ «እምቢ፣ ቁጭ ስትል ይተረተርና ታሰድበኛለህ» ትለዋለች።

ሱቁ ውስጥ ታናሽ እህቷ ልብስ ትተኩሳለች። ሁለቱ አንዷ ካለ አንዷ ውሃ አይጠጡም፤ የማይስማሙት በመስኮቱ ብቻ ነው። ተኳሿ በካውያው ወበቅ ስለምትቀቀል ይከፈት ትላለች፤ ሰፊዋ ወገቧን ብርድ ስለሚመታት ይዘጋ ትላለች። ሲከፈት ሲዘጋ ማጠፊያው ተገንጥሎ በሽቦ ታስሯል።

አንድ ቀን የሰፈሩ ቄስ የቀሚሳቸውን እጅጌ ሊያስጠግኑ መጥተው ጭቅጭቁን ሰሙ።

«አይዟችሁ ልጆቼ፣ መንግሥተ ሰማያት ስትገቡ ጭቅጭቅ የለም።»

እትዬ እምቢ መርፌዋን አቆመች። «አባ፣ እዚያ እምቢ ማለት ይቻላል?»

«ይቻላል። ግን አትዪም።»

«ማን ከልክሎኝ?»

«ማንም። አያሰኝሽም።»

«እንዴት አያሰኘኝም? እኔን ሳያስፈቅድ አምሮቴን ማን ወሰደው?»

ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ። «የልጅ ልጅሽን በመስኮት መወርወር ትችያለሽ፤ እጅሽን ያሰረው የለም። ግን አታደርጊውም። ታዲያ ባሪያ ነሽ?»

«እንደ ቀኑ ነው አባ።»

ቄሱ ሳቃቸውን አፍነው፣ እጅጌያቸው በስፒል እንደተያያዘ ወጥተው ሄዱ።

እሷን ግን ነገሩ ከነከናት። «እስቲ እኔው ልሞክረው» ብላ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ እምቢ ላትል ማለች።

ጠዋት ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባሏ እንደ ልማዱ «የአውቶቡሴን ክላክስ በራችን ላይ ልግጠመው?» አላት።

«እሺ።»

ሰውየው ክው አለ። ግንባሯን ዳሰሰ፤ ትኩሳት የላትም። ሐሳቧን ሳትቀይር ብሎ መፍቻ ፍለጋ ሮጠ።

ወሬ እግር ባይኖረውም ይሮጣል። «እትዬ እምቢ እሺ አለች» ሲባል ሱቁ ጢም አለ። አንዱ የመጀመሪያ ሠርጉን ልብስ ለሁለተኛው እንድታሰፋለት፣ ሌላዋ መጋረጃዋን ቀሚስ፣ ቀሚሷን መጋረጃ እንድታደርግላት ይዘው መጡ። እሺ፣ እሺ። እሺ ባለች ቁጥር መርፌዋን ጨርቁ ላይ ትሰካለች። በመጨረሻ እህቷ መስኮቱን ብርግድ አድርጋ ከፈተችው።

«እሺ፣ ደስ ይበልሽ» አለች እትዬ እምቢ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።

ተኳሿ ካውያውን አስቀመጠች። መስኮቱን መልሳ ዘጋችና ተንሰቀሰቀች። «ሐኪሙ ምን አለሽ? አትደብቂኝ!»

«የምን ሐኪም?»

«ልትሞቺ ካልሆነ በቀር እንዲህ አትሆኚም!»

«እምቢ! አልሞትም!»

ይህን ስትል ደረቷ ላይ የተጫነ ድንጋይ የተነሳላት መሰላት። ግን የእህቷ ላብ ከእንባዋ ጋር ሲወርድ አየች። ተነስታ መስኮቱን ከፈተችው።

«ተይው፣ ወገብሽን!» ብላ ተኳሿ ዘጋችው።

«እምቢ፣ በሙቀት ትሞቺያለሽ!» ከፈተችው።

«ዛሬ እምቢ ባይዋ እኔ ነኝ!»

ሽቦው ተበጠሰ። ቄሱ እጅጌያቸውን ሊያስጨርሱ ብቅ ሲሉ እህትማማቾቹ የተነቀለውን መስኮት ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ።

«ደግሞ ዛሬ ይከፈት ያለችው ማናችሁ ናት?»

«እኔ!» አለች እትዬ እምቢ።

«ይዘጋ ባይዋ አንቺ አልነበርሽ?»

«ነኝ! ለእሷ ብዬ ነው እንጂ።»

«ማን አስገድዶሽ?»

«እኔን ማን ያስገድደኛል? ደስ ብሎኝ ነው!»

ቄሱ ፈገግ አሉ።

«ገባኝ አባ፣ ፈገግታዎን ይሰብስቡት» አለች። «እዚያም እንዲህ ያለው ጭቅጭቅ ካለ እመጣለሁ። ግን አስቤበት ነው።»

አናጢው እስኪመጣ ድረስ ቀዳዳውን በካርቶን ሸፈኑት። ካርቶኑ እስከ የት ድረስ ይታጠፍ በሚለው ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም።