እሳት የማትዳፍን ሴት

የጓሮዋ ተከራይ አንዷን የክብሪት እንጨት በምላጭ ለሁለት ትሰነጥቃለች። ስሟን በግቢያችን የሚያውቅ የለም፤ ከጊዳ አያና ተፈናቅላ ነቀምቴ መግባቷን ብቻ ሰምተናል። ቀሚሷን ያለቀውን ፊት ወደ ውስጥ ገልብጣ ሰፍታዋለች። የሳሙና ስብርባሪ በአሮጌ ካልሲ ቋጥራ ልብስ ስታጥብበት ሰው የምትደበድብ ይመስላል። እኔ ደሞዜ ወር የማያደርሰኝ አስተማሪ ነኝና ቁጠባ ልማር ብዬ በመስኮት አያታለሁ።

በአንድ ነገር ብቻ አባካኝ ናት። አብስላ እንደጨረሰች፣ ከቦኖ በጀርባዋ ያመጣችውን ውሃ ከሰሉ ላይ ትደፋለች። ፍሙ እየጮኸ እስኪጠፋ በዱላ ትወቅጠዋለች።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ፍሙን የምታጠፋበት ውሃ አልቆባት ልትቀዳ ስትወጣ፣ አከራያችን አዴ ባዩሽ አላስችላቸው ብሎ ፍሙን በአመድ ዳፈኑላት። ተመልሳ ስታይ ጀሪካኗን ጥላ በጥፊ አጮለቻቸው። ከንፈራቸው ደማ።

«ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ ምን በደልኩሽ? ለራትሽ እንዲቆይ ብዬ እኮ ነው!»

ሴትዮዋ አመዱን በባዶ እጇ እየዛቀች ፍሙን አወጣችው። ጣቶቿ ሲለበለቡ ፊቷ አልተለወጠም።

«እኔም ለራት ብዬ ነበር የዳፈንኩት» አለች። «ቤቴን ሊያቃጥሉ የመጡት ሰዎች ክብሪት እንኳ አልያዙም። ልጆቼ ውስጥ እያሉ፣ እሳቱን የጫሩት ከራሴ ምድጃ ነው።»