የሺሃረግ ጫማዋን ያወለቀችበት ሙዚየም

በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት ክረምት ኦክላንድ ላይ የወረደውን ዝናብ የረሳ ሰው ያለ አይመስለኝም። አያባራም ነበር። የአፓርትመንታችን ምንጣፍ እርጥብ ውሻ ይሸታል፣ መስኮቱ ያልበዋል፣ ጉልበቴ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ይነቃል። ቢሆንም ያን ክረምት ሳስታውሰው ደስ ይለኛል። የሺሃረግ ከላይኛው ፎቅ እየወረደች ሂተሬ አጠገብ እግሯን የምታሞቀው ያኔ ነበርና።

የሺሃረግ ጉለሌ ያደገች፣ በሱዳን በኩል የመጣች ሴት ናት። ፓሎ አልቶ ውስጥ ሚስስ ሉሲል የሚባሉ አሮጊት ትንከባከብ ነበር። ሴትዮዋ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት።

አንድ ቀን እየሳቀች መጣች።

«እትዬ ያለምዘውድ፣ ጉድ ልንገርዎት? ሴትዮዬ ቫኬሽን እንሂድ አሉኝ። ቱርክ አገር፣ ሜዲትራኒያን ዳርቻ።»

«የማያዩ ሰው ምን ሊያደርጉ?»

«ሙዚየም ሊያዩ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስስ ሉሲል በወጣትነታቸው ከአንድ ጎረምሳ ጋር እዚያ ሄደው ነበር። ድሮ ቤተ ክርስቲያን የነበረ አንድ ቤት አለ፤ ወለሉ ላይ በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠር ወፍ ተሠርቶበታል። ጎረምሳው ወፏ ላይ አቁሞ ነው «አግቢኝ» ያላቸው። አገቡትም፣ ኖሩም፣ እሱም ሞተ። አሁን ጉልበታቸው ሳይከዳቸው እዚያች ወፍ ላይ አንዴ መቆም ነው ያማራቸው። ሌላ ምንም።

የየሺሃረግ ልጅ ሳሌም ሰምታ፣ «ማም፣ ዩ ዶንት ኢቭን ላይክ ሙዚየምስ፤ ሙዚየም መች ትወጃለሽ?» አለቻት።

«ቤተ ክርስቲያን ነበር አሉሽ እኮ!»

ከፋሲካ በኋላ ሄዱ። ስትመለስ በጥያቄ አደረቅኳት። ትምህርት በአራተኛ ክፍል ስለቀረብኝ ነው መሰለኝ፣ መጠየቅ አይሰለቸኝም። አገሩ ሙዚየም በሙዚየም ነው አለችኝ። ከባሕር የወጣ፣ ዛጎል የተጣበቀበት እንስራ አለ። አፍንጫ የሌላቸው የእብነ በረድ ሰዎች አሉ።

«አፍንጫቸውን ምን ነካው?»

«እንጃ እትዬ፣ የአንዱም የለም። ቱሪስቱ ደግሞ በዋና ልብስ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ይገባል። አያፍርም።»

ሚስስ ሉሲል በየደረሱበት «ምን ታያለሽ?» ይሏታል፤ ያየችውን ትነግራቸዋለች። በመጨረሻም ብርቱካን እርሻ መሃል ያንን ቤት አገኙት። በሩ ላይ መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ ነበር። የሺሃረግ እሱን ስታይ እጇ ሳታዘው ጫማዋን አወለቀ፤ ጎንበስ ብላ መቃኑን ተሳለመች። ትኬት የያዘው ፈረንጅ ሁሉ ከኋላዋ ተገትሮ ያያታል።

«ኮቴሽ ጠፋብኝ፤ የት ሄድሽ?» አሉ ሚስስ ሉሲል።

«ጫማዬን አውልቄ ነው። ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባም።»

«የሺ፣ ሙዚየም ነው እኮ።»

«ለእናንተ ነው ሙዚየም።»

ሴትዮዋ ሳቁና፣ «እንግዲያው የእኔንም አውልቂልኝ» አሉ።

ወፏ ዘንድ ሲደርሱ ዙሪያዋ በገመድ ታጥሯል። ድሮ ገመድ አልነበረም። ዘበኛው፣ ጺሙ የሸበተ ሰውዬ፣ እጁን አወዛወዘ፤ መርገጥ ክልክል። የሺሃረግ በእንግሊዝኛም በምልክትም ለመነችው። አሻፈረኝ አለ። ሚስስ ሉሲል ክንዷን እንደያዙ በሌላው እጃቸው ገመዱን ዳበሱት።

«ከዚያ ሁሉ አገር አምጥቻቸው ገመድ ሊመልሳቸው ነው ብዬ ሆዴ ባባ» አለችኝ።

ዘበኛው ይኼኔ ቁልቁል ተመለከተ። የሁለቱም እግር ባዶ ነው። ቀና ብሎ በሩ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጠውን ጫማ አየ። እሱም መስጊዱ ሲገባ የለመደው ነገር ነውና ገባው። ፈገግ አለና፣ «ሹዝ፣ ኖ። እንዲህ፣ ኦኬ» ብሎ ባዶ እግራቸውን እያመለከተ ገመዱን ከፍ አደረገው።

ሚስስ ሉሲል ገቡ። ጠጠሩን በእግራቸው ጣት እየዳበሱ ትንሽ ሄዱና ቆሙ።

«ክንፏ ይኸው» አሉ። «ያኔ በጫማ ስለነበርኩ እንዲህ መሆኗን አላወቅሁም።»

ሳሌም እዚህ ላይ ስንደርስ፣ «ኦ ማይ ጋድ ማም፣ ጫማሽን እዚያ ጥለሽ? ቢሰርቁሽስ?» ብላ አሳቀችን። እኔን ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰበኝ።

«ለመሆኑ ምን ወፍ ናት? ርግብ ናት? ጣዎስ?»

የሺሃረግ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«ወይኔ እትዬ! እሱን ሳላይ። የሳቸውን ፊት ሳይ ወፏን የት አየኋት!»

ሚስስ ሉሲል በዓመቱ ዐረፉ። የሺሃረግም ሌላ ሥራ ይዛ ከሕንፃችን ለቀቀች። ስትሄድ፣ «ተመልሼ ሄጄ ምን ወፍ እንደሆነች አጣርቼ ኮል አደርግልዎታለሁ» ብላኝ ነበር። እስካሁን አልደወለችም። እኔም አልፎ አልፎ አንዴ ርግብ፣ አንዴ ጣዎስ አደርጋታለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ የሺሃረግ አለች ሲሉ የሰማሁት ፍሪሞንት ከተማ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ከሳሌም ጋር።