የጋሼ «ለምሳ አትጠብቂኝ»

አጎቴ ጋሼ በጦርነቱ ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ። ሩቅ ግዳጅ ሲታዘዙ ለባለቤታቸው ለእትዬ «ለምሳ አትጠብቂኝ» ብቻ ብለው ይወጣሉ። መንግሥት ተለውጦ ብስራተ ገብርኤል ሰፈር ከገባን በኋላም፣ ፀጉር ሊስተካከሉ ሲሄዱ እንኳ የሚሉት ይህንኑ ነበር።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ጦርነቱ አለቀ! የት እንደምትሄድ ንገረኝ እንጂ» ትላቸዋለች እትዬ።

አንድ ቀን ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ምስጢር መጠበቅ ትእዛዝ ነበር፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ደግሞም የአብራሪ ሚስት ናት፤ ቦታውን ከሰማች ነዳጁ ለመመለሻ ይበቃ እንደሆነ ቁጭ ብላ ታሰላለች። ፍርሃቱን ብቻዬን ልያዘው ብዬ ነው።»

ባለፈው ወር ሕመሙ ሲጸናባቸው፣ «ሆስፒታል ልሄድ ነው፤ ነዪ አብረን እንሂድ» አሏት። ከዚያ አልተመለሱም።

እትዬ ባዶ ወንበራቸውን እያየች፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ንገረኝ ስለው ኖሬ፣ የነገረኝ ቀን ፈራሁ» ትለኛለች።