ፊልሙ ተሰልፎ ፊደሉ አለፈ

ዛሬ በገዛ ኢንተርኔት ቤቴ ውስጥ እስክስታ ወረድኩ!

እዚህ ጎረቤት አገር፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ሰው ቤት የምትሠራው አልማዝ ዓርብ ዓርብ እየመጣች፣ ድሬዳዋ ትታት ለመጣችው ልጇ በስካይፕ ትደውላለች። ሌላው ደንበኛ ፊልም ሲያወርድ ግን ድምፁ ይቆራረጥባታል። ባለፈው ሳምንት አልቅሳ ነው የሄደችው።

ሳምንቱን ሙሉ ስታገል ከርሜ፣ ሰርቨሩ ላይ በሶፍትዌር ብቻ ያለ ምናባዊ የኔትወርክ መስመር ፈጠርኩ። የሚገባው ዳታ ሁሉ እዚያ ይሰለፋል፤ ድምፅ ይቀድማል፣ ፊልም ይጠብቃል። (ወረፋ የሚያከብር ነገር በሕይወቴ ገና ዛሬ አየሁ።)

ዛሬ ልጅቷ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ፊደሏን ቆጠረች፤ አንዲትም አልተቆረጠች!

«እሰይ የኔ እናት! ሁሉንም ሰማሁሽ!» ብላ አልማዝ ጮኸች።

«ኧረ ፊልሜ ቀጥ አለ!» አለ አንዱ።

«ወረፋህን ጠብቅ!» አልነው ሁላችንም።

እናንተስ ሳይቆራረጥ የሰማችሁት ደስ የሚል ድምፅ የማን ነው? እስቲ አጫውቱኝ።